ባሌን በ150 ሞተር? ሳትሸጠው ጂግለሩን አውጣ

ጥያቄህ በአጭሩ ይህ ነው፦ ከጓደኛህ ጋር በየግል ሞተራችሁ ከጎባ ተነስታችሁ፣ የሳነቴን አምባ አቋርጣችሁ፣ በሐረና ጫካ ወደ ዶሎ መና መውረድ ፈልጋችኋል። ያንተ 150 ሲሲ ግን እንጦጦን ሲወጣ እንኳ ይታፈናል፣ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ቤንዚን ይጠጣል። «አቅሙ አነሰ» ብለህ ሸጠኸው 800 ልትገዛ ነው።

ቆይ ወንድሜ። አቅም ያነሰው ሞተር ቀስ ይላል እንጂ ጥቁር አያጨስም። ጥቁር ጭስ ቤንዚን ሲበዛበት ነው። ካርቡራቶሩን (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን) ያጠበልህ ሰው ቀዳዳዎቹን በሽቦ እንደወጋቸው ስትጽፍ ነገሩ ገባኝ። ጂግለር፣ ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለቀዳዳ ትንሽ ብሎን፣ ለስላሳ ናስ ነው፤ የብረት ሽቦ ሲገባበት ይሰፋል። ጂግለር በማጠቢያና በኮምፕሬሰር ነፋስ ይጸዳል፣ አለቀ። ሽቦ ይዞ የሚመጣውን ከሞተርህ አርቀው።

ካንዴላውን ፍታ። ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ከለበሰ ግምቴ ልክ ነው። የአየር ፊልትሮው እንዳልታፈነና ቾኩ (ብርድ ላይ ለማስነሳት አየሩን የሚያፍነው) ሙሉ በሙሉ እንደሚከፈት አይተህ፣ ዋናውን ጂግለር በፋብሪካው ቁጥር ቀይር። ኦሪጅናል ግዛ። ቁጥሩ አንድ፣ ቀዳዳው ሌላ የሆነ ርካሽ ዕቃ ገበያውን ሞልቶታል፤ «105» የተጻፈባቸውን ሁለት ጂግለሮች ጎን ለጎን ወደ ብርሃን አንስተህ ብታይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

እዚህ ላይ ትንሽ ታገሰኝ፣ ይህን ጉዳይ እወደዋለሁ። ካርቡራቶር ከፍታ አያውቅም። ፒስተኑ ሲወርድ የሚስበው አየር በሊትር ያው ነው፤ ክብደቱ ግን ከፍ ባልክ ቁጥር ይቀንሳል። አዲስ አበባ፣ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከባሕር ጠረፍ አየር አምስት እጅ አንዱ ያህል ጎድሏል። ሳነቴ፣ 4,000 ሜትር ላይ፣ ሲሶው የለም። ቤንዚኑ ግን በዚያው ልክ አይቀንስም፤ በቀዳዳው መጠን መምጣቱን ይቀጥላል። ስለዚህ ደህናው ሞተር እንኳ ላይ ሲወጣ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ያንተ ደግሞ በሽቦ የሰፋ ነው። ሌላም አለ፦ የጎደለውን አየር ጂግለር አይመልሰውም። 12 የፈረስ ጉልበት ያለው እዚያ ወደ 8 ይወርዳል። 800ውም ሲሶውን እዚያው ይጥላል። ኢንጄክሽን ያለው (በካርቡራቶር ፋንታ ቤንዚኑን በኮምፒውተር መጥኖ የሚረጨው) ቤንዚኑን ራሱ ይቀንሳል እንጂ አየር አይፈጥርም። በል እንግዲህ፣ ለሳነቴ ብለህ ጂግለሩን በጣም አታሳንሰው፤ ቢበዛ ከፋብሪካው አንድ ቁጥር ዝቅ ማለት ይበቃል። ዶሎ መና ቆላ ነው፤ እዚያ ቤንዚን ያነሰው ሞተር ይግላል፣ ፒስተን ይበላል።

አሁን ወደ መጠኑ። ቢኤምደብሊው 1250 ጂኤስ ቤንዚኑን ይዞ 249 ኪሎ ነው፣ ያማሃ ቴኔሬ 700 ከ200 ያልፋል፣ ሆንዳ ኤክስአር 150 ግን 130 ገደማ። ሐረና ዝናብ ጥሎበት ጭቃው ጎማህን ሲይዘው መውደቅህ አይቀርም። ዕቃው እንደተጫነ ብቻህን ማንሳት የማትችለውን ሞተር አትያዝ። የግድ ከገዛህ ከ200 እስከ 250 ሲሲ ይበቃሃል፤ ከ400 በላይ ለዚህ መንገድ ሸክም ነው። ካልገዛህ ያንተኑ 150 የኋላ የሰንሰለት ጥርስ በሁለት ወይም በሦስት ጨምርለት፤ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ሳይጨነቅ ይወጣል። መለዋወጫ ካላማዳሪ፣ ካንዴላና የፍሪሲዮን ገመድ ያዝ።

አንድ ነገር ግን አደራ፦ በፎሌ፣ ማለትም ማርሽ ሳታስገባ፣ አትውረድ። ከሳነቴ ወደ ሪራ መንደር ያለው ቁልቁለት ረጅምና ጠመዝማዛ ነው። ቤንዚን ለመቆጠብ ሞተር አጥፍቶ የሚንሸራተት ሞልቷል። የኋላህ ፍሬን ታምቡር ነው፤ ሲግል እግርህ እስከ ታች ይወርዳል፣ ሞተሩ ግን አይቆምም። በሁለተኛ ማርሽ ውረድ፣ ሞተሩ ይያዝልህ። ጓደኛህንም ንገረው፦ በፎሌ የለም።

ጂግለሩን ቀይረህ እንጦጦን ሁለት ጊዜ ወጥተህ ካንዴላውን እንደገና ፍታ። አሁንም ጥቁር ከሆነ የካርቡራቶሩ ተንሳፋፊ መርፌ (የቤንዚን መግቢያውን የሚዘጋው) እያፈሰሰ ሊሆን ይችላል፤ ፎቶውን ላክልኝ።