የሁለተኛ ክፍል ንባብ፦ ጥናቱን ማን ያማክር? በምንስ ይለካ?

ጥያቄ፦ የትምህርት ኮሌጅ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። «የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የአማርኛ ንባብ ችግር» የሚል ርእስ ለትምህርት ክፍሉ አቅርቤ «ሰፊ ነው» ተብሎ ተመለሰልኝ። የመምህራኑን የጥናት ዝንባሌ ዝርዝር ሳይ ደግሞ «ንባብ» የሚል የለበትም። ማንን ላማክር? ርእሱንስ እንዴት ላጥብበው?

መልስ፦ ማንበብ ያቃተውን አንድ ልጅ እያንዳንዱ ባለሙያ የሚያየው በራሱ በኩል ነው። የሥርዓተ ትምህርቱ ሰው መጽሐፉ ፊደሎችን በምን ቅደም ተከተልና ፍጥነት እንደሚያስተዋውቅ ይጠይቃል፤ የሥራ አመራሩ ሰው ርእሰ መምህሩ ክፍል ገብቶ ያይ እንደሆነ፤ የሥነ ልቦናው ሰው ልጁ «ልብስ» የሚለውን ቃል በድምፅ ከፋፍሎ መስማት ይችል እንደሆነ፤ የልዩ ፍላጎቱ ሰው ዐይኑና ጆሮው መመርመሩን። የቋንቋ ትምህርቱ ሰው ደግሞ ልጁ ቤት ውስጥ የሚናገረውን ቋንቋ ያነሣል። የ1986 ዓ.ም. ፖሊሲ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ ካደረገ ወዲህ ይህ ጥያቄ ከአገራችን የትምህርት ጥናት ተለይቶ አያውቅም።

ስለዚህ ዝርዝሩን ይተዉትና የየመምህሩን የቅርብ ጊዜ ሁለት ሦስት ጽሑፎች ያውጡ። መግቢያውን አልፈው የአጠናን ዘዴውን ያንብቡ፤ ዝንባሌ የሚታወቀው እዚያ ነው። ሥራው ሁሉ የመጠይቅ ቅጽ ከሆነ፣ ሰዓት ይዞ ልጅ ማስነበብ ላይ ብዙ አያግዝዎትም።

ለማጥበብ፣ ሳድስን፣ ማለትም እንደ «ብ» ያለውን ስድስተኛ ሆሄ፣ ብቻ ቢይዙ ይበቃዎታል። ካዕብ (ሁለተኛው፣ እንደ «ቡ») በአብዛኛው በቀኝ ጎኑ ቅጥያ፣ ኃምስ (አምስተኛው፣ እንደ «ቤ») በእግሩ ቀለበት ይታወቃል። ሳድስ ግን ወጥ ምልክት የለውም፤ «ብ»፣ «ን»፣ «ር»፣ «ድ» የሚለወጡት በየራሳቸው መንገድ ነው። በዚያ ላይ አንዳንዴ አናባቢ ይዞ፣ አንዳንዴ ያለ አናባቢ ይነበባል፤ «ልብስ» ውስጥ «ል» አናባቢ አላት፣ «ብ» እና «ስ» የላቸውም። «ተማሪዎች ሳድስን ከሌሎቹ ስድስት ሆሄያት ይበልጥ ይስታሉን?» የሚለው ለአንድ መመረቂያ ከበቂ በላይ ነው።

ጥያቄ፦ ለተማሪዎቼ አንድ አንቀጽ አስነብቤ ግማሾቹ ዜሮ አመጡ። አማካሪዬ «መረጃው አይጠቅምም» አሉኝ። ለምን?

መልስ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው። ፊደል ጨርሶ የማያውቀውም፣ ፊደሉን እያወቀ ቃል መግጠም ያቃተውም እኩል ዜሮ ሆነዋል። ፈተናውን ይከፋፍሉት፦ መጀመሪያ 100 የተዘበራረቁ ፊደሎች በ60 ሰከንድ፣ ከዚያ የተለመዱ ቃላት፣ ቀጥሎ ትርጉም አልባ ቃላት፣ መጨረሻ ላይ አንቀጹና የመረዳት ጥያቄዎች። ፊደሎቹን በገበታው ቅደም ተከተል አያስቀምጡ፤ ልጁ «ሀ ሁ ሂ» የሚለውን ዜማ በቃሉ ይወርደዋል እንጂ አያነብም።

ልጁ አንድ ፊደል ላይ 3 ሰከንድ ከቆመ ቀጣዩን ያመልክቱት፤ ያለፈውን እንደ ስሕተት ይቁጠሩ። ራሱን ካረመ ትክክል ነው። ከመጀመሪያዎቹ 10 አንዱንም ካላወቀ ያቁሙት፤ ማስጨነቅ መረጃ አይጨምርም። ስሌቱ በትክክል የተነበቡት ሲባዛ በ60፣ ሲካፈል ለወሰደው ሰከንድ ነው። 45 ቃላት በ48 ሰከንድ ጨርሶ 5 ከሳተ፣ 40 × 60 ÷ 48 = በደቂቃ 50 ቃላት ይሆናል። ብዙ የመመረቂያ ጥናት አቅራቢዎች የተረፈውን ሰዓት ረስተው 40 ብለው ይመዘግባሉ፤ ፈጣኑ ልጅ ተጎዳ ማለት ነው።

ብቻዎን አያርሙ። ጥቂት ልጆችን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ሆኖ ይመዝግብና ውጤቱን ያስተያዩ። ከ100 ፊደል በ94ቱ ከተስማማችሁ ስምምነታችሁ 94 በመቶ ነው። ከ90 በታች ከወረደ ወደ ትምህርት ቤት ከመሄዳችሁ በፊት እንደገና ተለማመዱ።

ጥያቄ፦ ልጁ «ገና»ን አላልቶ ቢያነበው ስሕተት ነው?

መልስ፦ ቃሉ ብቻውን ከቀረበ አይደለም፤ ጽሕፈታችን ጥብቀትን ስለማያሳይ ሁለቱንም ይቀበሉ። አንቀጽ ውስጥ ከሆነ ግን ዐውዱ ይፈርዳል። «ሠ» እና «ሰ»፣ «ጸ» እና «ፀ» በንባብ ችግር አይፈጥሩም፤ በቃል ጽሕፈት ግን ይፈጥራሉ። «ሠራ»ን «ሰራ» ብሎ የጻፈ ልጅ ይቀነስበት አይቀነስበት የሚለውን ከፈተናው በፊት ወስነው በመመሪያው ላይ ያስፍሩት፤ ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ የሚወሰን ከሆነ ሁለቱ አራሚዎች አይስማሙም።