መቀሱን ከማንሳታችሁ በፊት፦ ስለ ግቢ አበባ ጥያቄና መልስ

መስቀል አለፈ፣ ዝናቡም አበቃ። አዲስ አበባ ላይ አበባ የሚገረዝበት ወቅት ስለሆነ የላካችሁልኝን ጥያቄዎች ልመልስ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጽጌረዳዬ ከአጥር በላይ ሄዷል። የሚያብበው ጫፉ ላይ ብቻ ነው። እናቴ ግን «እንዳትነኪው» ትለኛለች።

መልስ፦ እናትሽ ስለሚሳሱለት ነው። ግን ጽጌረዳ ካልተገረዘ ያረጃል። በቅድሚያ የደረቀውንና የታመመውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውንም አውጪ። ከቀሩት ጠንካራ ግንዶች አራት ወይም አምስት አስቀሪና ቁመታቸውን በግማሽ ቀንሺ። ስትቆርጪ ወደ ውጭ ከሚያየው ዓይን ግማሽ ሳንቲም ያህል ከፍ ብለሽ፣ ሰያፍ አድርገሽ ይሁን። ዓይን የምለው ቅጠሉ ከግንዱ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ያለችውን ትንሽ ጉብታ ነው። ወደ ውስጥ በሚያየው ላይ ከቆረጥሽ ቅርንጫፉ መሃሉን ይሞላዋል፣ አየር ያጣል። ከተገረዘ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ውስጥ ያብባል። ለገና እንዲደርስልሽ ከፈለግሽ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ቁረጪ። እማማን ደግሞ ያን ጊዜ ጥሪያቸው።

ጥያቄ፦ ክረምት ላይ የጽጌረዳዬ ቅጠል ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ ቢጫ ሆነና ረገፈ። ውሃ አንሶት ይሆን?

መልስ፦ አይደለም፣ ፈንገስ ነው። ቅጠሉ ለ7 ሰዓት ያህል እርጥብ ሆኖ ከቆየ በሽታው ይይዘዋል። ለዚህ ነው ክረምት የሚጎዳው። የረገፈውን ለቅመህ ከግቢ አውጣ፣ ሥሩ ላይ አትተወው። በበጋ ስታጠጣ ጠዋት፣ ሥሩ ላይ ብቻ አጠጣ። ማታ ከላይ በጎማ የሚረጭ ሰው ሳይ ልቤ ይደማል።

ጥያቄ፦ ቡገንቪሊያዬ ቅጠል ብቻ ሆነ። በየቀኑ አጠጣዋለሁ፣ ፍግም አልነፈግሁትም።

መልስ፦ ችግሩ እሱው ነው፣ ወንድሜ። ውሃና ፍግ ሲበዛ ቅጠል ያበዛል። አፈሩ ከላይ እስኪደርቅ ጠብቅ። ቢያንስ 6 ሰዓት ፀሐይ ያግኝ። አበባው እንዳለፈ ረጃጅሙን ቅርንጫፍ አሳጥረው፣ የሚያብበው በአዲሱ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ሰማያዊ ትልልቅ አበባ ያለው ሃይድሬንጃ አለኝ። በየዓመቱ መጋቢት ላይ አሳምሬ እቆርጠዋለሁ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ግን አላበበም።

መልስ፦ አዬ እህቴ፣ አበባውን አብረሽ እየቆረጥሽው ነው። ይህ ዓይነቱ የሚያብበው ባለፈው ዓመት ግንድ ላይ ነው። የመጪውን ዓመት እንቡጥ የሚይዘው በእናንተ በጋ ማብቂያና ቅጠል በሚረግፍበት ወቅት ነው፣ የብርዱን ወራት ተሸክሞት ያልፋል። መጋቢት ላይ የደረቀውን ብቻ አንሺ። ማሳጠር ካለብሽ ሐምሌ ላይ፣ አበባው እንደጠወለገ አድርጊው። ጽጌረዳ ላይ የሚሠራው እዚህ አይሠራም። ስለዚህ ተክሉ በአሮጌው ነው በአዲሱ ግንድ የሚያብበው? የሚለውን ሳታውቁ መቀስ አታንሱ።

ጥያቄ፦ ከጽጌረዳዬ ሥር ሌላ ዓይነት ቅርንጫፍ ወጥቷል። ይቆረጥ?

መልስ፦ ከተዳቀለበት ቦታ፣ ማለትም ጽጌረዳው በሌላ ተክል ሥር ላይ ከተጣበቀበት፣ በታች ከወጣ የሥሩ ተክል ነው፣ የላይኛውን ያዳክመዋል። አፈሩን ገለጥ አድርገህ ከመነሻው ገንጥለው፤ ከላይ ከቆረጥከው ተመልሶ ይበቅላል።

ጥያቄ፦ መቀሱን በምን ላጽዳ?

መልስ፦ በአልኮል ጥረጊው። ከታመመ ተክል ወደ ጤነኛው ከመሄድሽ በፊት ደግሞ ሁልጊዜ።