ሰሞኑን ምን እያነበባችሁ ነው? ጥያቄና መልስ

ክረምቱን ያሳለፍኩት የቆዩ የአማርኛ መጻሕፍትን መልሼ በማንበብ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ወርውሩ ብዬ ነበርና ብዙ ደረሰኝ። የቻልኩትን እመልሳለሁ። የማትስማሙበት ነገር ካለ ምዕራፉን እየጠቀሳችሁ ተከራከሩኝ። «ጥሩ ነው» እና «ደባሪ ነው» ብቻ ከተባባልን ጨዋታው ቶሎ ያልቃል።

ጋሼ፣ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሰምቼዋለሁ። ማንበቡ ምን ይጨምርልኛል?

ብዙ ይጨምርልሃል። የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ለብዙ ቤተሰብ መጽሐፉ ማለት እሱ ነው። ያንን ድምፅ የሰማ ሰው ጉዱ ካሳን በሌላ ድምፅ ማሰብ ይከብደዋል። ግን ስትሰማው ቶሎ ሰብለ ወንጌል ጋ መድረስ ትፈልጋለህ። ስታነብ ደግሞ ሐዲስ ዓለማየሁ ለምን ከበዛብህ ወላጆች፣ ከቦጋለ መብራቱና ከውድነሽ በጣሙ እንደሚነሱ ይገባሃል።

ስለቱን አስብ። እናት ልጄ ይትረፍልኝ ብላ ለእግዚአብሔር ትሳለዋለች። በዛብህ ገና ነፍስ ሳያውቅ ዕድሜ ልኩን የሚያስረው ቃል ተገብቶበታል ማለት ነው። አድጎ ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የልጃቸው የሰብለ አስተማሪ ሆኖ ሲገባ ታዲያ ሁለት ነገር ይዞታል። አንዱ ዘር ቆጠራው ነው፤ ሌላው የእናቱ ስለት። እኛ ሁልጊዜ የምናወራው ስለ መጀመሪያው ነው። ፊታውራሪን መጥላት ቀላል ነው፤ ውድነሽን ግን ማን ይጠላል? ልጇን በፍቅር ነው ያሰረችው። እኔ የመጽሐፉን ትልቅነት የማየው እዚህ ጋ ነው።

ደግሞ የባላገሩን መሪ የአበጀ በለውን ምዕራፎች እንዳትዘል። መጽሐፉ የወጣው በ1958 ነው። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በ1957 የካቲት ላይ ነበር። ባላገሩ በፊታውራሪው ላይ ሲነሳ ያኔ ያነበበ ሰው ምን እንደተሰማው ገምት።

«ኦሮማይ» በእንግሊዝኛ ወጣ የሚባለው እውነት ነው? ለምንስ ነበር የተከለከለው?

እውነት ነው፤ በ2025 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በጣም ደስ ብሎኛል።

ደራሲው በዓሉ ግርማ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። ደርግ በ1974 ኤርትራ ውስጥ ያካሄደውን የቀይ ኮከብ ዘመቻ ከውስጥ አይቶታል። መጽሐፉ በ1975 ታተመ፣ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፣ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። ያኔ ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው ገጸ ባሕርያቱ እነማንን እንደሚመስሉ ለማወቅ ብዙም አይቸገርም ነበር።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። መጽሐፉን «ደርግን ያጋለጠ» ብላችሁ ብቻ አትለፉት። ዋናውን ገጸ ባሕርይ፣ ጸጋዬን፣ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ባለሥልጣናቱን ሲታዘብ ልክ ነው እንላለን፤ ግን አስመራ የሄደው ራሱ ፕሮፓጋንዳውን ሊመራ ነው። እጮኛው ሮማን አዲስ አበባ እየጠበቀችው እሱ ፊያሜታን ይወዳል። የሚታዘበውን ሥርዓት ያገለግላል፣ የሚወዳትን ሴት ያታልላል። በዓሉ ይህን ሰው አይምርም፤ ግን አይረግመውምም። እንደዚህ አድርጎ መጻፍ ከባድ ነው።

አዳም ረታ አልገባ አለኝ። እውነቱን ንገረኝ፣ ሰው ዝም ብሎ ነው የሚያደንቀው?

ኧረ በፍጹም! ምናልባት በትልቁ መጽሐፉ ጀምረህ ይሆናል። በ«የስንብት ቀለማት» የጀመረ ሰው ቢደክመው አይገርመኝም። በ«ማህሌት» ጀምር፤ አጫጭር ታሪኮች ናቸው። ከዚያ ወደ «ግራጫ ቃጭሎች» እለፍና ዋናውን ገጸ ባሕርይ መዝገቡን ተዋወቀው።

ታሪኩ የት ይደርሳል እያልክ አትቸኩል። አዳም የሰፈሩን ሽታ፣ የቤቱን ዕቃ፣ የምግቡን ጣዕም ሲጽፍ ለማስዋብ አይደለም፤ ሰዎቹን የምናውቃቸው በነዚያ ነገሮች ነው። «ሕጽናዊነት» የሚለውን፣ ታሪኮቹን እርስ በርስ የሚያያይዝበትን አጻጻፉንም ከእንጀራ ነው ያመጣው። አንድ ታሪክ ውስጥ ዳር ላይ ያየኸው ሰው ሌላው ውስጥ መሃል ላይ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ እርሳስ ይዘህ አንብብ። ስሞች ላይ አስምር። በሁለተኛው ንባብ ትደሰታለህ።

ጀምሬ ያልጨረስኩት መጽሐፍ ብዙ ነው። ነውር ነው?

ምንም ነውር የለውም። ግን ሳትጨርሺ አስተያየት ከሰጠሽ እስከ የት እንዳነበብሽ ተናገሪ።

በዚያ ዘመን የነበርኩ ሰው ነኝ። ስለ አብዮቱ የተጻፉ ማስታወሻዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። የትኛውን ልመን?

ጋሼ፣ እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል። እኔ የማደርገውን ልንገርዎት። አንድ ቀን እመርጥና ያንን ቀን በሁለት መጽሐፍ ጎን ለጎን አነባለሁ። ለምሳሌ ጥር 26 ቀን 1969፣ የደርጉ ሊቀ መንበር እነ ጄኔራል ተፈሪ በንቲ የተገደሉበት ቀን። ከኢሕአፓ ወገን የክፍሉ ታደሰን «ያ ትውልድ»፣ ከደርግ ወገን የፍቅረ ሥላሴ ወግደረስን «እኛና አብዮቱ» ይክፈቱ። ማን ለየትኛው ሟች ስንት መስመር እንደሰጠ ይዩ። ማን «ተገደለ» አለ፣ ማን «እርምጃ ተወሰደ» አለ? ማንን ልመን ከማለት ይልቅ ማን ምን ዘለለ ብዬ ስጠይቅ ብዙ አተርፋለሁ።

የሕይወት ተፈራን «ማማ በሰማይ» ደግሞ በሦስተኛነት ይጨምሩበት። እሷ ስለ አመራሩ ውሳኔ ብቻ አትጽፍም፤ በትግሉ ውስጥ ያለች ወጣት ሴት ምን እንደፈራችና ማንን እንደወደደች ትነግረናለች። በሌሎቹ ላይ ይህን ብዙም አላገኝም። እርስዎም የሚያስታውሱትን ይጻፉልን፤ ከልቤ ነው።

ትርጉም ታነባለህ? እኔ ኦሪጅናሉን እመርጣለሁ።

አነባለሁ፣ በጣም። ነቢይ መኮንን «ነገም ሌላ ቀን ነው»ን (የማርጋሬት ሚቸልን «Gone with the Wind») የተረጎመው ማዕከላዊ ታስሮ ነው። ወረቀት የለም። በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ነበር የሚጽፈው። ያቺን ቁራጭ አስቧት። ምን ያህል ዓረፍተ ነገር ትይዛለች? እንዲህ ሆኖ የተጻፈውን አማርኛ ሳነብ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ መሆኑን እረሳዋለሁ፤ ሰዎቹ በራሳችን ቋንቋ ነው የሚጣሉት። ኦሪጅናሉን ማንበብ ከቻልክ እሰየው። ግን ትርጉም ዝቅ ያለ ሥራ ነው ብለህ አትነሳ።

ቨርጂኒያ ነው የምኖረው። የ15 ዓመት ልጄ አማርኛ ይሰማል እንጂ አያነብም። ምን ልስጠው?

በእንግሊዝኛ የዲናው መንግስቱን የመጀመሪያ ልብ ወለድ ስጪው። እዚያው ዋሽንግተን፣ ሎጋን ሰርክል፣ ትንሽ ሱቅ የከፈተ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ታሪክ ነው፤ ሰፈሩን ልጅሽ ሊያውቀው ይችላል። የመዓዛ መንግሥቴ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ስለተዋጉ ሴቶች የጻፈችው፣ በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት የመጨረሻ ዕጩዎች ዝርዝር የገባው መጽሐፍም ግሩም ነው። ግን ከባድ ትዕይንቶች አሉበት፤ መጀመሪያ አንቺ አንብቢው። ለአማርኛው ደግሞ የወጋየሁን ትረካ መኪና ውስጥ ክፈቺለት። የሚሰማ ልጅ ካለሽ ግማሹን መንገድ ሄደሻል።

መጽሐፍ ተወደደ! እንዴት እናንብብ?

እውነት ነው። ወረቀቱ ከውጭ ስለሚገባ የዶላሩ ዋጋ ሁሉ ሽፋኑ ላይ ያርፋል። አዲስ አበባ ላለ ሰው አራት ኪሎ በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት ወመዘክርም አለ። ከከተማ ውጭ ላላችሁ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ አንድ መጽሐፍ ግዙና ተቀባበሉ። ስታስተላልፉ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ አስተያየት ጻፉበት። የሌላ ሰው ማስመሪያ ያለበት መጽሐፍ ደስ ይለኛል።

ቀጥሎ ምን ልታነብ ነው?

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ብዙዎቻችን «ጦቢያ» የምንለውን። ሮም ላይ በ1908 እ.ኤ.አ. የታተመ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ነው። ወንድ መስላ የምትሄደዋ ልጅ ነገር እስከዛሬ ያስደንቀኛል፤ ለብሳ ስትወጣ ሌሎቹ ሰዎች እንዴት እንደሚያዩዋት በደንብ መከታተል እፈልጋለሁ። ፊደሉ በደንብ የሚነበብ እትም ያለው ሰው ካለ ያውሰኝ። አብሮኝ ማንበብ የሚፈልግም ይምጣ፤ ከመስቀል በኋላ እንጀምራለን።