መልስ፦ ቼዝ ላይ ቢሾፕና ፈረስ በሩክና በወታደር ይለወጣል ወይ?

እህቴ፣ «ልጄ ቢሾፕና ፈረሱን እየሰጠ ሩክና ወታደር ይበላል፤ 6 ለ 6 ነው ይለኛል፤ ግን ሁልጊዜ ይሸነፋል» ብለሽ ላነሳሽው ጥያቄ ነው። የሚቆጥረው ፈረስ 3፣ ቢሾፕ (በሰያፍ የሚሄደው) 3፣ ሩክ (በቀጥታ የሚሄደው) 5፣ ወታደር 1 ነጥብ እያለ ነው። ልጁ መደመር አልተሳሳተም፤ ያስተማረው ሰው ነው የተሳሳተው። የእኔም ልጅ በዚሁ ስትለፋ ስለነበር የማውቀውን ልንገርሽ።

1. መጀመሪያ ሰሌዳውን እዪ። መቼም ኤፍ7 ላይ (ቤቶቹ በፊደልና በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ ይህ ከጥቁሩ ንጉሥ አጠገብ ያለው ነው) ነው አይደል? ሁሉም እዚያው ነው የሚያደርጉት። ነጩ ቢሾፑን ሲ4፣ ፈረሱን ጂ5 ያደርሳል፤ ጥቁሩ ካስል አድርጓል (ንጉሡን ወደ ጥግ አስጠግቶ ሩኩን ከጎኑ አቁሟል)። ፈረሱ የኤፍ7ን ወታደር ይበላል፣ ሩኩ ፈረሱን፣ ቢሾፑ ሩኩን፣ ንጉሡ ቢሾፑን። ልጅሽ በጣቱ ይቆጥራል፤ 3 እና 3 ሰጠሁ፣ 5 እና 1 ወሰድኩ። ግን ነጩ ለፍቶ ያወጣቸው ሁለቱም ጠጠሮች አለቁ፤ የቀሩት ፈረስና ቢሾፕ ገና ከቦታቸው አልተነሱም። ጥቁሩ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ፈረስና አንድ ቢሾፕ አውጥቶ ይጠብቃል። «ንጉሡ ተጋልጧል» ይሉሻል። በምን ሊያጠቁት? በሩክ እንዳትዪኝ፤ ሩክ ወታደሮቹ መንገድ እስኪለቁለት ድረስ ግቢ ተዘግቶበት የቆመ ሲኖትራክ ነው።

2. 3፣ 3፣ 5 የሚባለው ለጀማሪ እንዲቀል የተጠጋጋ ዋጋ ነው። ፈረስ መሃል ላይ ከቆመ 8 ቤት ይደርሳል፣ ጥግ ላይ 2 ብቻ። ቢሾፕ ባዶ ሰሌዳ ላይ መሃል 13፣ ጥግ 7። ሩክ የትም ቢቆም 14፤ ሰሌዳው ሲራቆት የሚገንነውም ለዚህ ነው። አሜሪካዊው ላሪ ካውፍማን በ1999 ብዙ ጨዋታዎችን መርምሮ ባወጣው ስሌት ፈረስም ቢሾፕም 3 ከሩብ ናቸው፤ ሁለቱንም ቢሾፖች ለያዘ ደግሞ ግማሽ ነጥብ ይጨመርለታል። ስለዚህ ልጅሽ 6 ተኩል ሰጥቶ 6 ነው የሚቀበለው። ያውም ጥንድ ቢሾፑን ማፍረሱ ሳይታሰብ።

3. ሦስተኛው ምክር ሌላ ነበር፣ ግን ይህን ሳልናገር ባልፍ ያንቀኛል። አሰልጣኛችን (ስሙን አልጠራም) የዋጋውን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጥፎ «እኩል ከሆነ ለውጡ» ይላል። ይህንኑ የካውፍማን ስሌት አሳትሜ ወሰድኩለት። ሳያነበው አጥፎ መለሰልኝና «እርስዎ ክፍያውን በጊዜው ይክፈሉ፣ ቼዙን ለእኛ ይተዉት» አለኝ። ያውም ወላጅ ሁሉ በተሰበሰበበት! ልጄን በዚያው ቀን አስወጣኋት።

ቤት ያደረግነው ቀላል ነው። ያንን የኤፍ7 አቀማመጥ ስልክ ላይ አስቀመጥንና እሷ ጥቁሩን ይዛ ከስቶክፊሽ (ቼዝ ከሚጫወት የኮምፒውተር ፕሮግራም) ጋር ተጫወተች። ሩኩን የተበላችው ወገን ምን ያህል እንደሚመቻት በእጇ አየችው። ልጅሽንም እንዲሁ አድርጊው፤ ብትነግሪው አይሰማሽም። የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ የዚያው ሰውዬ ተማሪ ኤፍ7ን ሲበላባት ልጄ ፈገግ ብላ አየችኝ። አሸነፈች። ሰውዬው ጥግ ቆሞ ያይ ነበር፤ ሰላም እንኳ አላለኝም።

ልጅሽ «ሩክ ይበልጣል» ብሎ ከተከራከረሽ በ1953 ዙሪክ ላይ ፔትሮስያን ከሬሼቭስኪ ጋር ያደረገውን ጨዋታ አሳዪው። ሩኩን ኢ6 ላይ አምጥቶ ለቢሾፕ አቀረበው፤ ፈረሱ መሃል ላይ እንዲደላደል ብሎ ነው። በአቻ ወጣ። ፔትሮስያን በኋላ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል።

በርግጥ ጨዋታው ወደ ማለቂያው ከደረሰ፣ መስመሩ ክፍት ከሆነና ያቺ ትርፍ ወታደር ንግሥት ወደምትሆንበት 8ኛው ረድፍ የምትሮጥ ከሆነ ሩክና ወታደሩ ሊያዋጡ ይችላሉ። የ10 ዓመት ልጅ ግን እዚያ ሳይደርስ ነው የሚሸነፈው።

የተሸነፈበትን ጨዋታ መዝግቦ ከሆነ በውስጥ መስመር ላኪልኝ፤ ልጄ ታየዋለች። እኛ ክፍያ አንጠይቅም።