የእናትሽን ታሪክ አታውጪው

ሰሞኑን አንዲት ልጅ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እያዘጋጀች መሆኑን ነገረችኝና «በየምግቡ መሀል ስለ እናቴ የጻፍኩትን ቆርጬ ላውጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። ረቂቁን ያዩላት ሰዎች «አንባቢ የሚፈልገው መጠኑንና አሠራሩን ነው» ብለዋታል። ቶሎ አልመለስኩላትም። ጥያቄዋ ሌላ ሴት አስታወሰኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። አንድ አሳታሚ ድርጅት ውስጥ ጀማሪ አራሚ ነበርኩ። አንዲት እናት በላስቲክ የተጠቀለለ ደብተር ይዘው መጡ። ዕድሜያቸውን በሙሉ ሰው ቤት ወጥ ሲሠሩ የኖሩ ናቸው። ደብተሩ ቅቤ ጠጥቶ አንዳንዱ ገጽ ብርሃን ያሳልፋል። አለቃዬ ገለጥ ገለጥ አደረገና ወደ እኔ ገፋው። ምሳ ሳልወጣ አነበብኩት።

የሽሮው ገጽ እስከ ዛሬ ትዝ ይለኛል። የተጣደው ለቤት ሰው ብቻ ነበር። ሰዓት እላፊ ደረሰና ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ዘመዶች እዚያው አደሩ። «ውሃ ጨመርኩ፣ ሽሮ ጨመርኩ፣ ደግሞ ውሃ ጨመርኩ» ይላል። ቀጥሎ «ነጭ ሽንኩርቱን ያን ማታ ረሳሁት፤ አንቺ ግን እንዳትረሺ።» አንቺ የሚሏት ማን እንደሆነች አልጠየቅኳቸውም። ዶሮ ወጡ ላይ ደግሞ ሽንኩርቱን ያለ ዘይት ማቁላላት ሲጀምሩ የመጀመሪያ አሠሪያቸውን ሠርግ ማውራት ይጀምራሉ። ሙሽራው፣ ሚዜው፣ የጠፋው ቀለበት ሁሉ አለ። ወሬው ሲያልቅ ሽንኩርቱ ደርሷል። ሰዓት ማየት አያስፈልግም።

አለቃዬ «ወሬው ይውጣና ምግቡ ብቻ ይቅር» አላቸው። እሳቸውም «ወሬው ከወጣ ምግቡም ይውጣ» ብለው ደብተራቸውን ጠቀለሉ። አድራሻቸውን የያዘ ሰው አልነበረም። ኋላ አጠያይቄ ነበር፤ የሚያውቃቸው ጠፋ።

የአሊስ ቢ. ቶክላስን የምግብ መጽሐፍ ሳነብ የተናደድኩት ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1954 ሲታተም ወሬው ከምግቡ ጋር አብሮ ነው የታተመው። ቶክላስ ሳን ፍራንሲስኮ ተወልዳ፣ ፈረንሳይ ውስጥ ከጸሐፊዋ ከገርትሩድ ስታይን ጋር የኖረች ሴት ናት። ስታይን በ1946 ሞተች። መጽሐፉ የተጻፈው ከዚያ በኋላ፣ ቶክላስ የወፍ በሽታ ይዟት ሳለ ነው። በጀርመን ወረራ ጊዜ ገጠር ውስጥ ምን እንደበሉ የሚተርክ ሙሉ ምዕራፍ አለው። እዚያ ምዕራፍ ላይ የኛ ሴትዮ ሽሮ ነው ትዝ ያለኝ።

አንድ ቦታ ላይ ሕይወት ያለው ዓሣ በቢላዋ ትገድላለች። ከዚያ ሲጋራ ለኩሳ ፖሊስ መጥቶ እስኪይዛት ትጠብቃለች። ሌላ ጊዜ ለሠዓሊው ለፒካሶ ዓሣ ቀቅላ በማዮኔዝና በእንቁላል አስጊጣ ብታቀርብለት፣ ማማሩን አድንቆ፣ ይሄ ከእኔ ይልቅ ለሌላው ሠዓሊ ለማቲስ አይገባም ወይ አላት። ሰው ግን መጽሐፉን የሚያነሳው አንድ ወዳጇ በላከላት ሐሺሽ ባለበት ጣፋጭ ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ እትም ያንን አሠራር ቆርጦ አውጥቶት ነበር። ያን ሁሉ ገጽ ትቶ በዚያ ብቻ ማስታወስ ያናድዳል።

እናንተ ልጆች ደግሞ ዶሮ ወጥን በአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ትጨርሱታላችሁ። ሙዚቃ አለ፣ የሚያማስል እጅ አለ፣ የእጁ ባለቤት ግን የለችም። አልዋሽም፣ እኔም አንዱን አይቼ ፍርፍር ሠርቻለሁ። ጥሩ ነበር።

ስለዚህ ልጄ፣ ታሪኩ ይቆይ። ግን መጠኑንም ጻፊ! ወሬ ብቻ ይዤ ምድጃ ፊት መቆም አልፈልግም። «በርበሬ እንደ አስፈላጊነቱ» የሚል መጽሐፍ ስንቱን ወጥ አበላሽቶብኛል። እናትሽ በእፍኝ ከሆነ የሚጨምሩት፣ እጃቸው ላይ ያለውን ተቀብለሽ በማንኪያ ስፈሪው። ስለ ፊደል እርማት አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። ረቂቁን ለማተሚያ ቤት ከመስጠትሽ በፊት ግን ለእሳቸው አንብቢላቸው። «ኧረ እኔ እንዲህ አላልኩም» ማለታቸው አይቀርም። ከተከራከራችሁ ክርክሩንም አስገቢው።