ጥያቄና መልስ፦ ፖርት 8080ን ዘግቼዋለሁ፣ ግን አሁንም ይከፈታል

ጥያቄ፦ ሰላም እንዴት ናችሁ፣ ሐዋሳ አቶቴ አካባቢ የሰርግ ፎቶ ስቱዲዮ አለን፣ ሙሽሮቹ ፍላሽ ይዘው ከሚመላለሱ ብዬ ቢሮ ባለው አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ኔክስትክላውድ (ፋይል የሚቀመጥበትና የሚጋራበት የራስ ክላውድ) በዶከር (ፕሮግራምን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ሳጥን ውስጥ በሚያስኬደው) ጫንኩ፣ ስታቲክ አይፒም ዶሜንም አለን። ፊቱ ላይ ኢንጂንኤክስን ፕሮክሲ (ጥያቄውን ተቀብሎ ወደ ኔክስትክላውድ የሚያሳልፍ) አድርጌ የሌትስ ኢንክሪፕት ነጻ የኤችቲቲፒኤስ ሰርተፍኬት አወጣሁለት፣ የቁልፏ ምልክት ስትመጣ ደስ አለኝ። ግን ዩኤፍደብሊው (የሊኑክስ ፋየርዎል) ላይ የኔክስትክላውዱን ፖርት 8080ን ዘግቼም ከስልኬ ዳታ ስሞክረው ያለ ኤችቲቲፒኤስ ቀጥታ ይከፈታል። ትልልቅ ፎቶ ስንጭን ደግሞ 413 (ፋይሉ ከልክ በላይ ትልቅ ነው) የሚል ስህተት ይላል። ሌላው፣ አንዳችን ፓስወርድ ከተሳሳትን ሁላችንም ሎጊን ስናደርግ ይጎተታል። ሁሉን ትቼ ወደ ኬዲ (እንደ ኢንጂንኤክስ ያለ ሌላ ዌብ ሰርቨር) ልቀይር ይሆን?
የስቱዲዮው ልጅ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሌላው ቢቆይ ይቆያል፣ 8080 ግን ዛሬውኑ ይዘጋ። የፊት በሩን በብረት አሰርተህ የጓሮውን ክፍት ትተኸዋል፣ ያንን ፖርት ያገኘ ሰው ኢንጂንኤክስን ሳያይ አፑ ላይ ይደርሳል፣ በዛ በኩል ሎጊን ያደረገ ደግሞ ፓስወርዱ ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው። ዩኤፍደብሊው ለምን አላስቆመውም ካልክ፣ ዶከር ፖርት ሲከፍት የራሱን የአይፒቴብልስ (ከዩኤፍደብሊው ስር ያለው የሊኑክስ ፓኬት ማጣሪያ) ህግ ይጽፋል፣ እና ፓኬቱ ዩኤፍደብሊው የቆመበት ቦታ ሳይደርስ ወደ ኮንቴይነሩ ይታጠፋል። እኔም ተሸውጄበታለሁ፣ ስታተሱ አክቲቭ ሲልህ እኮ ተረጋግተህ ነው የምትተኛው። ኮምፖዝ ፋይሉ (የዶከሩ ቅንብር ያለበት) ላይ 8080:80 የሚለውን 127.0.0.1:8080:80 አድርገው፣ ያኔ ከራሱ ከኮምፒውተሩ ብቻ ነው የሚከፈተው፣ ሪስታርት ብቻ አይበቃም ኮንቴይነሩ እንደ አዲስ መፈጠር አለበት። ራውተሩ ላይም ለሙከራ ብለህ 8080ን ፎርዋርድ አድርገህ (ከኢንተርኔት ወደ ዴስክቶፑ እንዲያልፍ ከፍተህ) የረሳኸው ይመስለኛል፣ አጥፋውና 80 እና 443 ብቻ ይቅሩ። ከዛ ዋይፋይ አጥፍተህ በዳታ ሞክረው።

413 ቀላል ነው፣ ኢንጂንኤክስ ካልነገርከው ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም። ክላይንት ማክስ ቦዲ ሳይዝ የሚለውን የኢንጂንኤክስ ቅንብር ከፍ አድርግና ሪሎድ በለው።

የሎጊኑ ነገር ነው ደስ የሚለኝ። ኔክስትክላውድ ፓስወርድ እየተሳሳተ የሚሞክርን አድራሻ ሆን ብሎ ያዘገያል፣ እስከ 25 ሰከንድ ድረስ፣ አንተ ጋ ግን ሰው ሁሉ የሚመጣው በፕሮክሲው ስለሆነ ሁላችሁም አንድ ሰው ናችሁ፣ አንዱ ሲሳሳት ሁሉም ይቀጣል። ኢንጂንኤክስ ላይ የኤክስ ሪል አይፒ፣ የኤክስ ፎርዋርድድ ፎር እና የኤክስ ፎርዋርድድ ፕሮቶ ሄደሮችን (የጎብኚውን እውነተኛ አድራሻና ፕሮቶኮል የሚያስተላልፉ መስመሮች) ጨምር፣ ኔክስትክላውድ ላይ ደግሞ ትረስትድ ፕሮክሲስ (የሚታመኑ ፕሮክሲዎች) የሚለው ቅንብር ውስጥ የፕሮክሲውን አድራሻ አስገባ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው 127.0.0.1 ጽፎ ለምን አልሰራም ይላል፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ ሆነህ ስታየው ጥያቄው የሚመጣው ከዶከሩ ጌትዌይ (የዶከሩ ኔትወርክ መግቢያና መውጫ) አድራሻ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 172 ብሎ የሚጀምረው፣ ዶከር ኔትወርክ ኢንስፔክት የሚለው ትእዛዝ ያሳይሃል። ኦቨርራይት ፕሮቶኮል የሚለውን የኔክስትክላውድ ቅንብርም ኤችቲቲፒኤስ በለው፣ አለዚያ የስልኩ አፕ ፍቃድ ስጥ የሚለው ገጽ ላይ ይቆማል።

ሰርተፍኬቱ 90 ቀን ነው፣ በፖርት 80 የምታድሰው ከሆነ ፖርቱን አትዝጋ፣ ሰርትቦትን (ሰርተፍኬቱን የሚያድሰውን ፕሮግራም) በድራይ ረን (የሙከራ ማደስ) አንዴ ሞክረው። ሌትስ ኢንክሪፕት እ.ኤ.አ. ከ2025 ወዲህ ሊያልቅ ነው የሚል ኢሜይል አይልክም።

ኬዲ ጥሩ ነው፣ ሰርተፍኬቱን ራሱ ያወጣል ራሱ ያድሳል፣ ከዜሮ ብትጀምር እሱን እልህ ነበር። አሁን ግን የሚሰራ ኢንጂንኤክስ አለህ፣ ቢያንስ የጥር ሰርግ እስኪያልፍ አትንካው።