የአንባቢያን ጥያቄ፦ የግል የሙዚቃ ትምህርት

ልጄ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ፒያኖ መማር ትፈልጋለች። ቤት ያለን ግን ትንሽ ኪቦርድ ብቻ ነው። አስተማሪዋ ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ትማር ይላሉ። አይበዛባትም?

ይበዛባታል። በዚህ ዕድሜ 30 ደቂቃ ይበቃል። ሰዓቱን ካልቀነሱላችሁ ለሁለት ቀን ከፍላችሁ ውሰዱት።

ኪቦርዱን በማስመሪያ ለኩት። ጎን ለጎን ያሉ ሰባት ነጭ ቁልፎች አንድ ላይ 16.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለባቸው። ከዚያ ከጠበቡ መጫወቻ ነውና ጣቶቿ የሚለምዱት ርቀት ፒያኖ ላይ አይሠራላትም። ቁልፉን በቀስታ ሲነኩት ድምፁ የሚለሰልስ፣ ሲጠነክሩበት የሚጎላ መሆኑንም ሞክሩ። ይህን የሚያደርግ 61 ቁልፍ ያለው ኪቦርድ ለጅምሩ ያገለግላል፤ እየገፋች ስትሄድ ግን ክብደት ያላቸው 88 ቁልፎች ያስፈልጓታል። አቀማመጧን አትርሱ፦ ክርኗ ከቁልፎቹ እኩል ይሁን፤ እግሯ መሬት ካልደረሰ በርጩማ ይደረግላት። እግሩ የተንጠለጠለ ልጅ ሚዛኑን በትከሻው ስለሚጠብቅ እጁ ይገተራል።

52 ዓመቴ ነው። ጊታር ከጀመርኩ ሁለት ወር ሆነኝ። የጣቶቼ ጫፍ ያመኛል፣ ክሩም ዝዝ ይላል። ዕድሜዬ ነው ወይስ ጊታሩ?

ዕድሜዎን ከመውቀስዎ በፊት ጊታሩን ይመርምሩ። 12ኛው ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ በአግድም ከተተከሉት ብረቶች 12ኛው) ላይ በወፍራሙ ክርና በብረቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። የብረት ክር ያለው ጊታር ላይ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ናይለን ክር ያለው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ደህና ነው። በጣም ከበለጠ ጥፋቱ የጣትዎ አይደለም፤ ጠጋኝ ድልድዩ ላይ ያለችውን የክር ማረፊያ ሞርዶ ዝቅ ያደርግልዎታል። ክሩን ሳይጫኑ ሲመቱትም ዝዝ ካለ ችግሩ የጊታሩ ነው።

ሲጫኑት ብቻ ዝዝ ካለ ግን ጣትዎ ከብረቱ ርቆ ይሆናል። ከብረቱ ኋላ ጥግ ብሎ ይረፍ። በሁለቱ ብረቶች መካከል ሲያርፍ ብዙ ጉልበት ይጠይቃል፤ ብረቱ ላይ ሲወጣ ደግሞ ድምፁ ይታፈናል። አሁን ክሩን በጣም በቀስታ እየተጫኑ ደጋግመው ይምቱት፤ ጥርት እስኪል ድረስ ጥቂት በጥቂት ይጨምሩ። ጥርት ያለበት ላይ ያቁሙ፤ የሚያስፈልገው ጉልበት ያ ብቻ ነው። አብዛኛው ጀማሪ ከዚህ እጅግ አብልጦ ይጫናል፣ አውራ ጣቱንም የጊታሩ አንገት ላይ ይጨብጣል። የጣት ጫፍ ሕመም ቆዳው ሲጠነክር ይጠፋል። የእጅ አንጓ ሕመም ወይም መደንዘዝ ከመጣ ግን ያቁሙ፤ ለአስተማሪዎ ይንገሩ፤ ካልለቀቀዎት ሐኪም ይየው።

ለስምንት ዓመት ልጄ ነገ እንዳያንሰው ብዬ ትልቅ ቫዮሊን ልገዛለት አስቤያለሁ።

ይተዉት። ጫማ ቢሰፋ ይለበሳል፤ ቫዮሊን ግን ከበለጠ ክንድ ይገተራል፣ ትንሿ ጣት አትደርስም፣ ልጁም ቃናውን መሳት ይለምዳል። ቫዮሊኑን አንገቱ ሥር አድርጎ ግራ ክንዱን ሲዘረጋ የጫፉ ጥቅልል መዳፉ መሐል ላይ ከዋለ ልኩ ነው፤ ክርኑም ጥቂት መታጠፍ አለበት። ለስምንት ዓመት ልጅ ብዙውን ጊዜ 1/2 ወይም 1/4 የሚባለው የቫዮሊን መጠን ይሆናል፤ የሚወስነው ግን ክንዱ ነው እንጂ ዕድሜው አይደለም። ከተገኘ መከራየት ከመግዛት ይሻላል።

በቀን አንድ ሰዓት እለማመዳለሁ፤ ግን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ እደናቀፋለሁ። አስተማሪ ልቀይር?

መጀመሪያ ልምምድዎን ይቀይሩ። በተሳሳቱ ቁጥር ወደ መጀመሪያው ይመለሱ ይሆን? እንዲያ ከሆነ ቀላሉን ክፍል ሃያ ጊዜ፣ ከባዱን አንዴ፣ ያንኑም ተሳስተው ነው የሚጫወቱት። እጅ ደግሞ የሚለምደው የተደጋገመለትን ነው፤ ስህተት ነው ብሎ አይመርጥም።

ስህተቱ የተሰማበት ኖታ ላይ አይቆዩ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይፈልጉ። ፒያኖ ላይ አብዛኛውን ጊዜ አውራ ጣት ዘግይቶ አልፏል፤ ጊታር ላይ ያለፈውን ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ለቆ ወደ ቀጣዩ የሚሄደው ጣት አልተዘጋጀም። የትኛው ጣት የት እንደሚያርፍ ኖታው ላይ በእርሳስ ይጻፉ፣ በየቀኑም አይለዋውጡ። ፒያኖ ላይ 1 አውራ ጣት ነው፤ ቫዮሊንና ጊታር ላይ ግን 1 ሌባ ጣት ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገር ሰው ይምታታበታል።

ከዚያ የሚደናቀፉበትን ሁለት ባር (ኖታው ላይ በቋሚ መስመሮች መካከል ያለ ክፍል) ብቻ ይውሰዱ። ሜትሮኖሙን (ምት የሚጠብቀውን መሣሪያ) ሳይሳሳቱ በሚጫወቱበት ፍጥነት ይክፈቱ፤ በደቂቃ 50 ምት ቢሆንም አይፈሩ። በተከታታይ አምስት ጊዜ ከተሳካ 4 ምት ይጨምሩ፤ ሁለት ጊዜ ከተሳሳቱ 8 ይቀንሱ። ሲሳካ ከእነሱ የሚቀድመውን አንድ ባር፣ ቀጥሎም የሚከተላቸውን ይቀጥሉበት፤ ብዙ ሰው ሁለቱን ባር አሳምሮ መግቢያው ላይ ይወድቃል። ከ10 ደቂቃ በኋላ ይተዉትና ወደ ሌላ ሙዚቃ ይሂዱ። እድገትዎን በዛሬው አምስተኛ ሙከራ አይለኩ፤ በነገው የመጀመሪያ ሙከራ ይለኩ።

አስተማሪዎን ደግሞ ይህን ይጠይቁ፦ ከትምህርቱ የመጨረሻዎቹን አምስት ደቂቃዎች ቤት እንደሚለማመዱት ሆነው ፊታቸው ይለማመዱ። ደብተርዎ ላይ «ገጽ 4ን ተለማመድ» ሳይሆን «ባር 9 እና 10፣ ቀኝ እጅ ብቻ፣ በ60» ተብሎ ይጻፍልዎ። ይህን የማይሰጥዎ አስተማሪ ነው መቀየር ያለበት።

የአሥር ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት። የሰማውን ዜማ ወዲያው ይጫወታል፤ ኖታ ሲቀርብለት ግን ይነሳል። አስተማሪው ያለ ኖታ አላስተምርም ብለዋል።

ሌላ አስተማሪ ይፈልጉ። ጆሮው የቀደመ ልጅ በጆሮው ይጀምር፤ ኖታው በኋላ፣ በቃሉ በሚጫወተው ዜማ ላይ ይምጣለት። ኖታው በትልቁ ይታተም፤ ሌሎቹ መስመሮች በወረቀት ተሸፍነው አንዱ ብቻ ይታየው። የትምህርቱ ቅደም ተከተል በየሳምንቱ ያው ይሁን፣ በሥዕል ተደርጎም ፊቱ ይቀመጥ። «እጅህን አስተካክል» ለብዙ ልጆች ምንም አይነግርም፤ «አውራ ጣትህን ቁልፉ ላይ አሳርፍ» ግን ይገባል። በሙከራው ትምህርት እርስዎም ክፍሉ ውስጥ ይቀመጡና ሰዓት ይያዙ፦ ከ30 ደቂቃው ልጁ ስንቱን ተጫወተ፣ አስተማሪው ስንቱን ተናገረ?

በኢንተርኔት ስማር የፒያኖው ድምፅ ይቆራረጣል፤ ረዘም ያለ ኖታማ ጭራሽ ይጠፋል።

የቪዲዮ ጥሪ መተግበሪያዎች የሚሠሩት ለንግግር ነው፤ ረዝሞ የሚቆይን የመሣሪያ ድምፅ እንደ ጫጫታ ቆጥረው ያጠፉታል። የድምፅ ማስተካከያው ውስጥ ገብተው ጫጫታ ማጥፊያውን ይዝጉ፣ የማይክሮፎኑን ራስ ሰር ድምፅ ማመጣጠኛም እንዲሁ። ጆሮ ማዳመጫ ያድርጉ፤ ከተቻለም ኢንተርኔቱን በኬብል ያገናኙ። ካሜራውን ከፊትዎ አንስተው ጣቶችዎና የእጅ አንጓዎ በሚታዩበት ጎን ያስቀምጡት። ከአስተማሪው ጋር እኩል ለመጫወት ግን አይሞክሩ፤ ድምፁ ሁልጊዜ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው። አስተማሪው አጃቢውን ሙዚቃ አስቀድመው ቀድተው ይላኩልዎ፤ እርስዎ ዘንድ ከፍተው አብረውት ይጫወቱ።